የቀለበቱ መዋጮ

መጀመሪያ የቆረጥኩት የልጆቼን ወተት ነው። አሰላ ተቀምጦ ወተት መተው ያሳፍራል፤ በየጓሮው ላም የማይጠፋበት ከተማ ነው። የካቲት ላይ ወተት የምታመጣልንን ሴትዮ «ለጊዜው ይቆይልን፣ ልጆቹን ሆዳቸውን እያመማቸው ነው» ብዬ ዋሸኋት። አዝና «እግዜር ይማርልሽ» ብላኝ ሄደች። ልጆቹን ያመማቸው ነገር አልነበረም። ያመመን ዕዳ ነው።

ዕዳው የባጃጅ ነው። እኔ የኬሚስትሪ መምህር ነኝ፤ ከደሴ ተመድቤ መጥቼ እዚሁ አግብቼ ቀረሁ። ባለቤቴ የሰው ባጃጅ እየነዳ በየቀኑ ለባለንብረቱ ገቢ ማስገባት ሰለቸው። ከመምህራን የቁጠባና ብድር ማኅበር በስሜ ተበደርንና ያገለገለ ባጃጅ ገዛን። አምስት ወር ሠራ። በስድስተኛው ወር ሞተሩ ነክሶ አልነሳ አለ። መካኒኩ ከፍቶ አይቶ የጠራልን ዋጋ ሌላ ባጃጅ የሚገዛ መሰለን። ባጃጇ ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሳ ቆመች፣ ባለቤቴ ወደ ሰው ባጃጅ ተመለሰ፣ የኔ ደሞዝ ደግሞ በየወሩ ተቆርጦ ይመጣል።

ለብድሩ ዋስ የሆኑኝ የጂኦግራፊ መምህሩ ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው። የሳጉሬ ሰው ናቸው፤ አማርኛቸው ውስጥ ኦሮምኛ ጣል ያደርጋሉ። ሚስታቸው እዚያው መሬታቸው ላይ ትኖራለች፤ እሳቸው አሰላ አንዲት ክፍል ተከራይተው በየቅዳሜው በሚኒባስ እየተመላለሱ ዕድሜያቸውን ጨረሱ። ሲፈርሙልኝ ወረቀቱን እንኳ አላነበቡትም። «ኢንተላ ኮ፣ አንቺ ልጄ ደግሞ የት ትጠፊያለሽ?» ብለው ሳቁ።

ጥር ላይ ትምህርት ቤቱ በር ላይ አስቆሙኝ። «ሰኔ ላይ ጡረታ መውጣቴ ነው። ዋስ የሆነ ሰው ዕዳው ካልተዘጋ ወይ ሌላ ዋስ ካልተተካ ክሊራንስ አያገኝም ይላሉ። ያንቺ እንዴት ሆነ?» አሉኝ። ክሊራንስ ከሌለ የጡረታ ወረቀታቸው ከጠረጴዛ አይነሳም።

«አይጨነቁ ጋሼ፣ አስቀድሜ እየከፈልኩ ነው። እስከዚያ ያልቃል» አልኳቸው።

ውሸት ነው። ገና ግማሹ እንኳ አልተከፈለም። ለምን እንዲህ እንዳልኩ ስጠየቅ የማገኘው መልስ አንድ ነው፤ ይሉኝታ። ሰውየው አምነውኝ ለሚስታቸው «ለሐምሌ ዘር እደርሳለሁ» ብለው ነገሯት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቴን እንደ ጠላት ከበብኩት። ጤፉን በስንዴ ቀላቀልኩ፤ ስንዴውንም ሳጉሬ በገበያ ቀን ሄጄ ከገበሬ እጅ መግዛት ጀመርኩ። ዘይት በማንኪያ ሆነ። የቅቤ ስም እንዳይነሳ ተባለ። ባሌ ባጃጅ እየነዳ እኔ ትምህርት ቤት በእግሬ እሄዳለሁ፤ እኔን ከጫነ አንድ ተሳፋሪ ይጎድልበታላ። የተረፈችውን ብር ባዶ የዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ አጠራቅማለሁ።

ሰው የሚያየውን ግን አንዱንም አልነካሁም። ባለ ሁለት ክፍሉን ቤት አልለቀቅንም፤ ዕቃ ሲጫን ጎረቤት ያያል። ትልቋን ልጄን ከግል ትምህርት ቤት አላወጣኋትም፤ ዩኒፎርሟ ሲቀየር ወላጆች ይጠይቃሉ። የሰርግ፣ የልደት፣ የምርቃት መዋጮ ሲመጣ ቀድሜ እሰጣለሁ። እናቴ የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ የምትላቸው ዓይነት ሰው ሆንኩ። ጣሳው ሦስት ሳምንት የዋጠውን አንድ ሰርግ ያስመልሰዋል።

ግንቦት ላይ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ሄጄ ቀሪዬን ጠየቅኩ። በወር ተኩል የሚከፈል አልነበረም። የቀረኝ መንገድ ሌላ ዋስ መተካት ነው። መምህራኑን አንድ በአንድ፣ ለብቻ ለብቻ እየጠራሁ ለመንኩ። ለምን ዋስ እንደምቀይር ግን ለማንም አልተናገርኩም፤ ከተናገርኩ ጋሼ ጆሮ ይገባል። የሒሳብ መምህሩ «ደሞዜ ለሌላ ሰው ተይዟል» አለኝ። አንዷ ባሏን ልታማክር ሄዳ በዚያው ቀረች። ሌላው ደግሞ እኔን ሲያይ መንገድ መቀየር ጀመረ። ሁሉም በትሕትና ነው እምቢ ያሉኝ፤ እኔ ግን ሁሉንም ጠላኋቸው። ጋሼ ኮሪደር ላይ ሲያገኙኝ «አብሺር፣ በርቺ» ይሉኛል። ዓይናቸውን ማየት አቃተኝ።

እዚህ ላይ ነው የቀለበቱ ነገር የመጣው። በኛ ትምህርት ቤት ጡረታ ለሚወጣ ሰው ጋቢ ይደረብለታል፣ ከመምህራን በሚዋጣ ገንዘብም የወርቅ ቀለበት ይገዛለታል። የስፖርት መምህሩ የስም ዝርዝሩን ይዞ ስታፍ ክፍል ገባ። ከእጁ ቀማሁት ማለት ይቻላል። የመጀመሪያው መስመር ላይ ስሜን ጽፌ አንድ ሺህ ብር ብዬ ፈረምኩ። ከኔ በኋላ የጻፈው ሁሉ ሦስት መቶ፣ አምስት መቶ ነው። ገንዘቡ ከጣሳው ወጣ። ማታ ባለቤቴ ባዶውን ጣሳ አገላብጦ አየና መልሶ አስቀመጠው። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰኔ በገባ በሁለተኛው እሑድ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ በሩ ተንኳኳ። ጋሼ ናቸው። ኮታቸው በስብሷል፣ ጫማቸው ጭቃ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ጎረቤት ሰፈር እየኖሩ ቤቴ መጥተው አያውቁም። ትልቋን ልጄን በጆሮዋ ነግሬ ሱቅ ላክኋት፤ ብስኩት በዱቤ ይዛ መጣች። ሻይ ቀዳሁላቸው።

ልጅቷ አጠገባቸው ተቀምጣ ብስኩቱን እያየች «ጋሼ፣ ሁልጊዜ ይምጡ እሺ?» አለቻቸው።

«ለምን ልጄ?»

«ብስኩት የሚገዛው እንግዳ ሲመጣ ነዋ። ወተትም ድሮ ነበረን። አባዬ ‹ወተታችሁን ባጃጇ ጠጣችው› ብሎናል።»

ያነሱትን ብስኩት መልሰው ሳህኑ ላይ አስቀመጡት። ልጆቹን ወደ ውስጥ አስገባኋቸው። ጋሼ ከኮታቸው ኪስ የታጠፈ ወረቀት አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ። የመዋጮው ዝርዝር ነው፤ የስፖርት መምህሩ ደስ ይበላቸው ብሎ የሰጣቸው ግልባጭ።

«ዓርብ ፋይናንስ ሄጄ ነበር። በዋስትና ስላሉ ክሊራንስ አንሰጥም አሉኝ» አሉ፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ። «ያልቃል ብለሽኝ ነበር፣ ጥር ላይ።»

ሻይ ልጨምርላቸው ተነሳሁ።

«ይኼ ደግሞ ስምሽ ነው። ከሁሉ በላይ። ሺህ ብር።» ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ አሳረፉ። «እኔን በዋስትና አስረሽ ለጣቴ ወርቅ ታዋጪልኛለሽ? ከነዚህ ልጆች ጉሮሮ ነጥቀሽ?»

ማልቀስ ሲገባኝ ተናደድኩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ታላቅ ሰው ላይ ጮህኩ። «ታዲያ ምን ላድርግ? ዋስ ሆነውላት ሦስት መቶ ብር ወረወረችላቸው ልባል?»

«ይበሉሽ!» አሉኝ እሳቸውም ጮኸው። ከዚያ መልሰው ቀዝቀዝ አሉ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ሚስቴ ለዘር እየጠበቀችኝ ነው። ቀኑ አልቋል። ነገ ስታፍ ውስጥ ተናገሪ።»

«እርስዎ ይንገሩልኝ ጋሼ።»

«ዕዳው ያንቺ ነው፤ አፉም ያንቺ ይሁን» ብለው ሻዩን ሳይጨርሱ ዝናብ ውስጥ ወጡ።

ሰኞ በሻይ ሰዓት ቆሜ ተናገርኩ። ምን ብዬ እንደጀመርኩ አላስታውስም፤ እጄ ጠመኔ ይዞ እንደነበረና ጠመኔው ተሰብሮ መዳፌ ውስጥ እንደደቀቀ ግን አስታውሳለሁ። የጋሼ ክሊራንስ የተያዘው በኔ ዕዳ መሆኑን፣ ያልቃል ብዬ እንደዋሸኋቸው፣ የቀለበቱንም ብር ከልጆቼ ወተት እንዳመጣሁት ነገርኳቸው።

የሒሳብ መምህሩ ቀድሞ አፉን ከፈተ። «እኔ ጋ ስትመጪ ለጋሼ መሆኑን መች ነገርሽኝ? ሙሉውን ልይዝልሽ አልችልም። ዕዳው ካነሰ ግን ለቀሪው እፈርማለሁ» አለ፣ እንደ መቆጣት ብሎ።

የስፖርት መምህሩ የመዋጮውን ፖስታ አገላበጠ። «እና ይኼ ቀለበት…»

«ማሎ፣ እባካችሁ ተዉት» አሉ ጋሼ ከጥግ። «የምውለው ከላም ጋር ነው። ለላም ቀለበት ላሳይ?» ሁሉም ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት።

ብዙዎቹ ተስማምተው ለቀለበቱ የተዋጣው ዕዳዬ ላይ ገባ፤ ለየሰዉ ቀስ ብዬ ልመልስ ቃል ገባሁ። አንዲት መምህር ብቻ «እኔ ያወጣሁት ለሳቸው እንጂ ለባጃጅ አይደለም» አለች። እውነቷን ነው፤ የሷን ያንኑ ሳምንት ሰጠኋት። ባለቤቴ ባጃጇን ከነሰሌዳዋ፣ ከነተሰበረ ሞተሯ ለመካኒኩ ሸጣት። ጎረቤቱ ሁሉ እያየን ዕቃችንን በጋሪ ጭነን ወደ አንድ ክፍል ቤት ገባን፤ ማንም ምንም አላለንም፣ እንዲያውም ሁለት ሴቶች አልጋውን ተሸከሙልን። ትልቋን ልጄንም ከመስከረም ጀምሮ እንድትማር የመንግሥት ትምህርት ቤት አስመዘገብኳት። ለቀረችው ዕዳ የሒሳብ መምህሩ ፈረመ። ሰኔ ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው የጋሼ ክሊራንስ ላይ የመጨረሻው ማኅተም አረፈ።

የሽኝቱ ዕለት ጋቢ ብቻ ለበሱ። ሲያመሰግኑ እጃቸውን ባነሱ ቁጥር ዓይኔ ባዶ ጣታቸው ላይ ይሄዳል። ከሳቸው በፊት የወጡት ሁሉ በቀለበት ነው የወጡት።

በማግስቱ መናኸሪያ ሸኘኋቸው። የሳጉሬው ሚኒባስ ሞልቶ ሞተሩን አስነስቷል። ጋሼ መስኮት ጥግ ተቀምጠው ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉና ወደኔ ጎንበስ አሉ።

«ልጆቹ ወተት ጀመሩ?»

«አዎ» የምትለዋ ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር። መንገደኛ የሚሸኘው በደህና ወሬ ነው፤ እሳቸውም ቀልባቸው ሳይከፈል በደስታ ቢሄዱ እወድ ነበር። ረዳቱ በሩን ዘጋው።

«አልጀመሩም ጋሼ» አልኳቸው በመስኮቱ። «ገና አልቻልንም።»

«አብሺር» አሉኝና ሚኒባሱ ተንቀሳቀሰ።