ሟች ምንዎ ናቸው?

በአዲሱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ሠልጥኜ የተመለስኩ ሰሞን ከሕጉ ውልፍት አልልም ነበር። ጎንደር ባለው የዱቄት ፋብሪካችን ለሠራተኛው ፈቃድ የምሰጠው እኔ ነኝ። አንድ ጠዋት ጥበቃችን አያ ሙላት፣ እንደ እኔው የኮሶዬ ሰው፣ ቆባቸውን በእጃቸው ይዘው ቢሮዬ ገቡ።

«ልጄ፣ ለቀብር ፍቀጅልኝ።»

«ሟች ምንዎ ናቸው?»

«ጎረቤቴ።»

«ሕጉ የሐዘን ፈቃድ የሚሰጠው ለቅርብ ዘመድ ነው፤ ጎረቤት የሚል የለበትም። ለመሆኑ ማን ይባላሉ?»

አቀረቀሩ። «ምነው ልጄ፣ ስም ባትጠይቂኝ?»

«ካልነገሩኝ አልፈቅድም!» ብዬ ጮኽኩባቸው።

ከቢሮዬ አይወጡ፤ በሩን በሩን ያያሉ። ተናድጄ በመስኮቱ ብመለከት፣ አክስቴና የእናቴ የኮሶዬ ጎረቤቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወደ እኔ ቢሮ ይመጣሉ።