ሠላሳ አንዱ የ«ጌት» ትርጉም

ፍርድ ቤቱ አጠገብ የሰው አቤቱታ በኮምፒውተር የምጽፍባት ክፍል ለልማት ከፈረሰች ወዲህ ስምንት ወር ያለ ሥራ ተቀምጫለሁ። የቀረኝ ተስፋ ሰንጋ ተራ የሚከፈት አንድ ሆቴል ያወጣው የእንግዳ ተቀባይ ማስታወቂያ ብቻ ነበር። የዕድሜ ገደቡ ሠላሳ አምስት ነው፤ እኔ ደግሞ ገደቡን ላልፍ ሦስት ሳምንት ቀርቶኛል። ይሄ ካመለጠኝ አለቀልኝ፤ ሌላ የሚቀጥረኝ የለም።

ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው ተባለ። እኔ ለፈተና የማውቀው መድኃኒት አንድ ነው፤ ሽምደዳ። ታሪኩንም ባዮሎጂውንም ያለፍኩት ከነነጠላ ሰረዙ ሸምድጄ ነው። «ጌት የምትለዋን ግስ ያወቀ ግማሹን እንግሊዝኛ አወቀ» ሲባል ሰምቼ፣ ትርጉሟን ሁሉ ከመዝገበ ቃላት በደብተር ገለበጥኩ። ሠላሳ አንድ ሆነ። ማግኘት፣ መድረስ፣ መረዳት፣ መታመም፣ መናደድ… ሰዎቹ ሌላ ግስ ቸግሯቸው ነው? ታክሲ ለመሳፈር አንድ ዓይነት ጌት፣ አውቶቡስ ለመሳፈር ሌላ ዓይነት ጌት። እኛ ሁለቱንም ተጋፍተን ነው የምንገባው!

እማዬ እንግሊዝኛ አታነብም። የአማርኛውን ፍቺ በጣቷ እየተከተለች ትጠይቀኛለች። «አሥራ ዘጠነኛ፣ መላመድ» ስትል እንግሊዝኛውን እመልሳለሁ። ከተደናቀፍኩ እንደገና ከአንድ ታስጀምረኛለች። በሁለት ሳምንት ቁጥሮቹን እሷም በቃሏ ያዘቻቸው።

በፈተናው ቀን እስከ ሆቴሉ በር ሸኘችኝ። ውስጥ ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። መካከል ያለችው ሴት ፈገግ ብላ፣ ስለ ራሴ እንድነግራቸው በእንግሊዝኛ ጠየቀችኝ። ጥያቄው ገብቶኛል። ግን ስለ ራሴ የሸመደድኩት አንድም ዓረፍተ ነገር የለኝም። ከወንበሬ ተነሳሁና እንደ ተማሪ እጄን ወደ ኋላ አድርጌ፣ ጌትን ከአንደኛው ትርጉም ጀምሬ አነበነብኩላቸው። ስድስተኛው ላይ ሴትየዋ በአማርኛ፣ «የኔ እህት፣ ይበቃል» አለችኝ። ክፋት አልነበረባትም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

እማዬ በሩ ላይ እንደቆመች ነበር። ክንዴን ያዘችኝ።

«ምን ጠየቁሽ?»

«ስለ ራስሽ ንገሪን አሉኝ።»

ፊቷ በራ። «እሰይ! እሱንማ አንቺ ካላወቅሽ ማን ያውቀዋል!» አለችና ወደ ልደታ ዞራ ሦስት ጊዜ ተሳለመች።