በቀይ ሽፋን የተጓዘው ጄኔራል

በደርግ ዘመን ደባርቅ ሳስተምር አንድ አመል ነበረብኝ፤ ልብ ወለድ ከያዝኩ እህል ውኃ አያሰኘኝም። አንድ ጊዜ ከጎንደር ስመለስ የያዝኩት በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ ልብ የሚያንጠለጥል መጽሐፍ ነበር። አገሩን በጉልበት የያዘ አንድ ጄኔራል በድብቅ በሽታን መሣሪያ አድርጎ ያሠራል። አንድ ሳይንቲስት ይደርስበትና ማስረጃውን በብልቃጥ ይዞ ይሸሻል። እንዲህ ያለ ነገር ይዞ ኬላ ማለፍ በገዛ እግር እስር ቤት መግባት ነው። እኛ አስተማሪዎች ግን ዘዴ አናጣም፤ ከፖለቲካ መጽሐፍ ላይ ቀይ ሽፋን እየላጥን ልብ ወለዱን እናለብሰው ነበር። ጄኔራሉም ቀይ ለብሶ ከእኔ ጋር አውቶቡስ ተሳፈረ።

ዳባት ስንደርስ ቆምን። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ስለሚያሰጋ ያለ ወታደር እጀባ መኪና አይንቀሳቀስም፤ እጀባው ደግሞ ገና አልመጣም። ተሳፋሪው ወርዶ ፀሐይ ሲሞቅ እኔ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ንባቤን ቀጠልኩ። ሳይንቲስቱ ባቡር ውስጥ ነው፤ ሰላዮቹ ፉርጎ በፉርጎ እየፈተሹ ነው። አንድ ካድሬ አጠገቤ መቆሙን ያየሁት ጥላው ገጹ ላይ ሲያርፍ ነው።

ቀና ስል ሽፋኑን እያየ ፈገግ ብሏል።

«በርቺ፣ ጓድ አስተማሪ! ሰው ሁሉ ወሬ ሲሰልቅ አንቺ ንቃትሽን ታዳብሪያለሽ። ግን ለብቻ ማንበብ የንዑስ ከበርቴ ጠባይ ነው። ለሰፊው ሕዝብ አንብቢለት እንጂ!»

«በእንግሊዝኛ እኮ ነው፣ ጓድ» አልኩ።

«እየተረጐምሽ!» አለና ተሳፋሪውን እያጨበጨበ ሰበሰበው።

እምቢ ብል መጽሐፉን ሊያገላብጠው ነው። ከሆዴ የፖለቲካ ትምህርት ልፍጠር ብል ደግሞ ቀልቤ ያለው ባቡሩ ውስጥ ነው። ምን አማራጭ አለኝ? የተጻፈውን እንዳለ መተርጐም ጀመርኩ። ለነፍሴ ዋስ እንድትሆነኝ ብቻ፣ ጄኔራሉ በተነሣ ቁጥር «የኢምፔሪያሊዝም ተላላኪ የሆነው» የምትል ቅጽል አስቀድማለሁ።

እንዴት ያለ አድማጭ አገኘሁ! ሰላዮቹ ሲቀርቡ ሴቶቹ «ማርያም ድረሽለት!» ይላሉ። አንድ ሽማግሌ ቄስ ገድል የሚሰሙ ይመስል በመቋሚያቸው ተደግፈው ፈዘዋል። ካድሬው ራሱ ቁጢጥ ብሎ አገጩን ይዟል። የምተረጉመውን እኔም ገና እያነበብኩት ስለሆነ፣ የምሰጋው ለራሴ ይሁን ለሳይንቲስቱ መለየት አቃተኝ።

ጄኔራሉ የሳይንቲስቱን ጓደኞች ያለ ፍርድ የሚያስረሽንበት ገጽ ላይ ስደርስ ማንበቤን አቆምኩ። ከመካከላችን የሞተበትን ዘመድ እንዳያለቅስ ያልተከለከለ ማን ነበር?

«ምነው ቆምሽሳ፣ ልጄ?» አሉ ቄሱ።

አነበብኩት። አንዲት ቃል አልዘለልኩም፤ ቅጽሏንም ረሳኋት።

«እንዲህ ያለ ሹም ያለው ወዴት አገር ነው?» አሉ ቄሱ።

«ባሕር ማዶ ነው፣ አባ።»

«ተመስገን! እኛን ከዚህ ሰውሮናል» አሉ፣ ፈገግም ሳይሉ። ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ። ካድሬውም አብሮ መሬት አየ፤ ገብቶታል። አለቀልኝ ብዬ መጽሐፉን ልዘጋ ስል እጀባው ብረት ለበስ አስቀድሞ እያጓራ ደረሰ።

እጀባ ማንንም አይጠብቅም፤ ምጥ የያዛትን እንኳ ጥሎ ሲሄድ አይተናል። አዛዡ የመቶ አለቃ ከመኪናው ሳይወርድ «ተሳፈሩ! ተሳፈሩ!» ብሎ ጮኸ። ማንም ንቅንቅ አላለም። ካድሬው ተነሥቶ ወደ እሱ ሄደ።

«ጓድ መቶ አለቃ፣ የንቃት ትምህርት ላይ ነን። ሳያልቅ መኪናው አይነሣም» ሲል ሰማሁት። ከዚያ ወደ እኔ ተመልሶ ዝቅ ባለ ድምፅ «ይይዙታል እንዴ?» አለኝ።

«እንጃ፣ እኔም አልደረስኩበትም።»

«በይ ቀጥይ፣ ቶሎ በይ!»

የመቶ አለቃው ሰዓቱን እያየ ወረደ፤ ትንሽ ቆይቶ ማየቱን ተወው። ብረት ለበሱ ሞተሩን አጠፋ። ፍርሃቴ የት እንደገባ አላውቅም፤ የኋለኞቹ እንዲሰሙኝ ድንጋዩ ላይ ወጥቼ ቆምኩ። ደስ አለኝ፣ ኮራሁ! ሳይንቲስቱ ራዲዮ ጣቢያ ደርሶ ምሥጢሩን ለዓለም ዘረገፈው፤ የጄኔራሉ ወታደሮች አፈሙዛቸውን ወደ ጌታቸው አዞሩ፤ ጄኔራሉም በጓሮ በር ሲሸሽ ተያዘ። ይህን ሁሉ በደርግ ወታደሮች ፊት፣ ጮክ ብዬ፣ በገዛ አፌ አነበብኩት።

ሴቶቹ እልል አሉ። ቄሱ መቋሚያቸውን ተመርኩዘው ቀና አሉና «እኛንም ለዚህ ያብቃን» አሉ።

«አሜን!» አለ ሕዝቡ። ከብረት ለበሱ ላይም አንድ ወታደር ከሁሉም ዘግይቶ «አሜን» ሲል ሰማነው፤ ካድሬው ማን እንደሆነ ዞሮ አላየም።