የጭራቋ እግር

ልጅ ሳለሁ፣ ካርቱም፣ ቡሪ ሰፈር በነበረው ቤታችን ተረት ለመስማት ሦስት ሰው ያስፈልግ ነበር። ሐቦባ የምንላት የአባቴ እናት በዐረብኛ ታወራለች፤ ዐረብኛዋ ከገበያ የማያልፈው ኢትዮጵያዊት እናቴ ታዳምጣለች፤ መሐላቸው እኔ፣ በክራንች የምሄድ የስምንት ዓመት አስተርጓሚ። ያኔ መብራት ሲጠፋ፣ የማይጠፋበት ቀንም አልነበረም፣ ግቢው ውስጥ ፋኖስ ተለኩሶ፣ ራት የተሠራበት ከሰል አመድ እየለበሰ፣ የሐቦባን አልጋ ከብበን እንቀመጣለን። የጎረቤት ልጆች ደጅ ሲሯሯጡ እኔ ቁጭ ብዬ የምሠራው ሥራ በማግኘቴ ኩራቴ ልክ አልነበረውም።

ችግሩ የሐቦባ ተረት ጭራቅ አንካሳ መሆኗ ነበር። ሰው ልትበላ በመጣች ቁጥር አንድ እግሯን እየጎተተች ነው፤ ሐቦባም አጎታተቷን በድምፅ ሳይቀር ታሳያለች። ፊቴ በእፍረት ይቃጠላል። አሽሙሩ ለእኔ መሆኑን ለአፍታም አልተጠራጠርኩም። ስለዚህ አንድ ምሽት ስተረጉም እግሮቹን አቀያየርኳቸው፤ ለጭራቋ ሁለት ጤነኛ እግር ሰጠሁና ልትበላት የምታሳድዳትን የሱልጣኑን ብልህ ልጅ አንካሳ አደረግኳት። እናቴ ደስ አላት። በማግስቱ ለልጅቷ ክራንች ጨመርኩላት፤ በሦስተኛው ምሽት በዚያው ክራንች የጭራቋን ጥርስ አረገፈችው። ሐቦባ ስለ ድርቅ እያወራች እናቴ በሳቅ ፍርስ ትላለች።

«ምን ብለሻት ነው?» ትለኛለች ሐቦባ።

«ያንቺኑ ነው!» እላለሁ።

ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል እንዲሉ፣ አንድ ቀን እናቴ ልታመሰግናት ሐቦባን ጉንጯን ስማ፣ በዚያች በገበያ ዐረብኛዋ፣ «ሹክረን! የሱልጣን ልጅ፣ እግር፣ እንደ ልጄ፣ በጣም ጥሩ!» አለቻት። ሐቦባ ግራ ገባት። ከዚያ ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች። ከእንግዲህ ተረት የለም፣ የሚቀረኝ ደጅ ተቀምጦ የሌሎችን ሩጫ ማየት ነው ብዬ እንባዬ መጣ።

«ጭራቋን ሁልጊዜ እንደ እኔ ታደርጊያታለሽ!» አልኳት እየተንሰቀሰቅሁ።

ሐቦባ ልብሷን ገለጥ አድርጋ ያበጠ ጉልበቷን አሳየችኝ። እኔ እስከዚያች ቀን ከአልጋዋ የማትነሣው በእርጅና ብቻ ይመስለኝ ነበር።

«ወላሂ፣ አንቺን ማን አነሣሽ!» አለች ተቆጥታ። «ጭራቋ የምትጎትተው የእኔን እግር ነው። እሱ ሲያመኝ እኔም ሰው ብላ ብላ ይለኛል። የራስሽን እግር ለፈለግሽው ስጪ፤ የእኔን ግን ለጭራቄ መልሺ። ያላ፣ አሁን ያቺ የሱልጣን ልጅ ጥርስ ካረገፈች በኋላ ምን ሆነች?»

ያን ገና አላሰብኩበትም ነበር። ሁለቱም ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። እንባዬን ጠርጌ፣ መጀመሪያ በዐረብኛ፣ ቀጥሎ በአማርኛ፣ እየፈጠርኩ ቀጠልኩ።

ዛሬ ሥራዬ ልብ ወለድ መጻፍ ነው። ክፉ ሰው ባስፈለገኝ ጊዜ የማንንም በር አላንኳኳም፤ ከራሴ ቁጣና ከራሴ ምቀኝነት ቆርሼ እሰጠዋለሁ። ዘመዶቼ ግን መጽሐፉን አንብበው፣ «ይቺማ እገሊት ናት» እየተባባሉ ይኮራረፋሉ። ክፉዋ እኔው መሆኔን እስካሁን አልነገርኳቸውም።