የአጎቴ ጦር

ርችት አልወድም። ባለፈው የዘመን መለወጫ የልጅ ልጆቼ እዚህ ሶዶ ግቢያችን ውስጥ ርችት ሲተኩሱ ጭሱ በመስኮት ገባና አፍንጫዬን ያዘኝ። ያ የባሩድ ሽታ አጎቴን ማርቆስን ይዞብኝ መጣ። ልጆቹ ፈራች ብለው ሳቁብኝ። ይሳቁ፤ ምን ያውቃሉ!

አጎቴ ማርቆስ ሶዶ ውስጥ የሳይንስ መምህር ነበር። ገሱባ አጠገብ ካለው የአያቴ ቀዬ አምጥቶ፣ ከባለቤቱ ከአስቴር ጋር ያሳደገኝ እሱ ነው። ቀጭን፣ ክራቫቱ ሁልጊዜ ወደ ጎን የዞረ፣ ሲስቅ መነጽሩ አፍንጫው ላይ የሚወርድበት ሰው። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ካርቶን ጠቅልሎ ቱቦ ይሠራል፣ ከሻይ ሳጥን ጣውላ ትንንሽ ክንፎች ይቆርጣል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይፈትጋል። ቤታችን ሙጫ ሙጫ ይሸት ነበር።

የሚሠራው ትንሽ ሮኬት ነበር። ይህን ያስተማረው ፈረንጅ መምህሩ አገሩ ሲገባ፣ ጣት የምታክል ባሩድ የታጨቀባት ሞተር ትቶለት ሄዷል። ሌላ ከየትም አይገኝም። አስቴር ቀዩን የሐር ሻሿን ሰጠችው፤ ሮኬቷ ወጥታ ስታበቃ ሻሹ እንደ ጃንጥላ ተዘርግቶ ቀስ አድርጎ ያወርዳታል። «ለተማሪዎችህ አሳያቸዋ» ስትለው፣ «መጀመሪያ አባባ ይዩ» አላት።

አባባ የምንላቸው አያቴ የእሱን ትምህርት አምነውበት አያውቁም። ሞፈሩን ጥሎ የሄደ ብቸኛ ወንድ ልጃቸው ነው። በመጣ ቁጥር «ለመሆኑ ምን ተማርክ?» ይሉታል፤ እሱ ሲተነትን እሳቸው ዓይናቸው እንሰቱ ላይ ነው። እንግዲህ አንድ ጊዜ ቀና ብለው አይተው፣ «ልጄ የሠራው ነው» እንዲሉለት ፈለገ። ሌላ ምንም አልፈለገም።

በጭነት መኪና እየተንገጫገጭን ስንደርስ ዝናቡ ዘግይቶ በቆሎው ጠውልጓል። አያቴ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነበሩ፤ ምእመኑ ስለ ዝናብ ጾም ጸሎት ይዟል። አጎቴ ግን ደስታው አቻኩሎታል። ሮኬቷን ከሣር ቤቱ አርቆ፣ ደጁ ላይ ባለው መስክ አቆማትና በወላይትኛ ማስረዳት ጀመረ። ለሮኬት ቃል ከየት ይምጣ! አስቦ አስቦ «ቶራ» አለ፤ ጦር ማለት ነው።

«አባባ፣ ይህችን ጦር ወደ ሰማይ ልወረውራት ነው። ይዩልኝ።»

የአያቴ ፊት ጠቆረ። «እኛ ተንበርክከን የምንለምነውን ሰማይ አንተ በጦር ልትወጋው?»

«አይደለም አባባ፣ ስሟ ነው እንጂ…»

«ስሟን የነገርከኝ አንተው ነህ» አሉና ቤተሰቡን ሁሉ አስገብተው በሩን ዘጉ። ከውስጥ የጸሎት ድምፅ ተሰማ። ውጭ የቀረነው አጎቴ፣ አስቴርና እኔ ብቻ ነበርን።

መተው ይችል ነበር። ድምፁን ሲሰሙ ይወጣሉ ብሎ ይመስለኛል፣ ሽቦውን ከባትሪ ድንጋይ ጋር አገናኘው። ሮኬቷ ፊሽ ብላ ተነሣች፤ ነጭ ጭሷን እየጎተተች ወጥታ ወጥታ ነጥብ አከለች። ከዚያ ሻሹ ተከፈተ። እየተወዛወዘች ወርዳ በቆሎው መሃል አረፈች። የዚያን ያህል የሚያምር ነገር ከዚያ ወዲህ አላየሁም። አጎቴ ግን አላያትም፤ ዓይኑ በሩ ላይ ነበር። በሩ አልተከፈተም።

ዝናቡ በዚያው ቀረ። በቆሎው ደረቀ፣ ከብቱ አለቀ። አጎቴን ፊት ለፊት የወቀሰው የለም፤ አያቴ ግን ሰላምታውን በአንገታቸው ብቻ መመለስ ጀመሩ። አስቴር ሄደህ አስረዳቸው ስትለው «በምን ቃል?» ይላታል። ካርቶኑንም ጣውላውንም ለማገዶ ሰጠ። ሳቁ ጠፋ። ኋላም ወደ ቆላው ዲምቱ ተዛውሮ እዚያ ወባ ገደለው፤ ገና ጎልማሳ ነበር። አያቴ ቀብሩ ላይ እንባ አልወጣቸውም። ያን ቀን ጠላኋቸው።

ከዓመታት በኋላ እሳቸውም አልጋ ያዙ። አንድ ከሰዓት በኋላ አጠገባቸው ተቀምጬ ሳለ እጄን ጨበጡኝ።

«ያ ቶራ» አሉኝ፤ «እስካሁን እዚያው እንደ ተሰካ ነው?»

መጀመሪያ አልገባኝም። ለካ ሲወጣ ድምፁን ሰምተዋል፤ ሲወርድ ግን አላዩም። የልጃቸው ጦር ሰማይ ላይ ተሰክቶ የቀረ መስሏቸው፣ ይነቀልለት ዘንድ ያን ሁሉ ዓመት ሲጸልዩ ኖረዋል።

«ወርዷል፣ አባባ። ያንኑ ዕለት፣ በሻሽ ተንሳፍፎ በቆሎው ውስጥ ወረደ።»

«ማንንም አልወጋም?»

«ማንንም።»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ከዚያ «እስቲ ንገሪኝ» አሉ፤ «ሲወጣ እንዴት ነበር?»

ነገርኳቸው። አጎቴ ዕድሜውን ሙሉ የጠበቃት ጥያቄ ይህችው ነበረች፤ የመለስኳት ግን እኔ ነኝ።