የማዋለጃው ስድስት ጠርሙሶች

በደርግ ዘመን አራት ዓመት ያህል የሠራሁት ጎንደር ከተማ ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል ጓሮ፣ ግድግዳዋ በጭስ በጠቆረ አንዲት ክፍል ውስጥ ነበር። ሥራችን ለታመመ ሰው በደም ሥሩ የሚሰጠውን ውሃ ማዘጋጀት ነው። ሕዝቡ ሁሉንም «ግሉኮስ» ይለዋል፤ እኛም ማረም ትተን ነበር። ከውጭ ታሽጎ የሚመጣው ከቆመ ቆይቷል። ስለዚህ ውሃውን እናጣራለን፣ ጨውና ስኳሩን መዝነን እንጨምራለን፣ በጠርሙስ እንሞላና የሰው ቁመት በሚያህል የብረት ድስት ውስጥ በእንፋሎት እንቀቅለዋለን። ባለሙያዎቹ ድስቱን አውቶክሌቭ ይሉታል። የእኛው የሚሠራው በማገዶ ነበር።

ሁለት ነበርን። አለቃዬ በጣሊያን ጊዜ የጋዞዛ መጠጥ ፋብሪካ ውስጥ ጠርሙስ በማጠብ ሥራ የጀመሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ሆስፒታሉ በሙሉ «አያ» ይላቸዋል። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጡም። እኔ ደግሞ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ስድስት ወር ሠልጥኜ፣ ነጭ ጋወን ለብሼ የመጣሁ ሰው ነኝ። ሥራውን የሚያውቁት እሳቸው መሆናቸውን ለማመን አንድ ዓመት ፈጅቶብኛል።

የአያ አሠራር ቀላል ነበር። ያለን አርባ ጠርሙስ ብቻ ነው፤ በእያንዳንዱ ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ተጽፎበታል። ጠዋት ከየክፍሉ ባዶ ጠርሙስ ይመጣል። በመጣው ልክ እንሞላለን፤ ያልመጣውን አንሞላም። የመጠየቂያ ወረቀት የለም፣ ፊርማና ማኅተም የለም። ባዶው ጠርሙስ ራሱ ትዕዛዝ ነው። ማገዶውም የዕለት ነበር፤ ከአዘዞ በኩል የሚመጡ ሴቶች ጠዋት ከጀርባቸው አራግፈውልን ይሄዳሉ፣ ማታ አንዲት ፍልጥ አትተርፍም።

ይህ ሁሉ ከድህነት ብቻ የመጣ አልነበረም። እኔ ከመቀጠሬ በፊት ክፍሉ ብዙ ጠርሙስ ሞልቶ ጥግ ላይ ይደረድር ነበር አሉ። አንድ ክረምት ጠርሙሶቹ ውስጥ እንደ ጥጥ ያለ ሻጋታ በቀለ። ሳያዩት የሰጧቸው ሕመምተኞች ብርድ ብርድ ብሏቸው ተንቀጠቀጡ፤ አንዱ ሳይነሣ ቀረ። ከዚያ ወዲህ አያ ደንብ አወጡ፦ ሦስት ቀን ያለፈው ይደፋል፤ ማንም የሞላ ጠርሙስ አያስቀምጥም።

ዘንድሮ በየሥልጠናው «በሚፈለገው ጊዜ፣ በሚፈለገው መጠን ማምረት» እያሉ በቀስትና በሣጥን ሥዕል ሲያስተምሩን፣ ከኋላ ተቀምጬ አዳምጣለሁ። ሥዕሉ ልክ ነው። መጋዘን የለም፣ ብልሽት የለም፣ ማን ምን እንደጎደለው ወዲያው ይታያል። እኔም ያኔ በዚህ ፍቅር ይዞኝ ነበር። አሥራ ሰባት ቁጥር የት እንዳለች ጠይቁኝ፣ ዓይኔን ጨፍኜ እነግራችኋለሁ። ዕውቀት ማለት ይኸ ይመስለኝ ነበር፤ ሞኝ ነበርኩ።

አንድ ነገር ግን ነበር። ጠርሙሱ የሚገባው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይቀቀላል፤ ከዚያ ደግሞ እስኪበርድ ሌላ ሁለት ሰዓት። ትኩሱን ለሰው መስጠት አይቻልም። ስለዚህ ከረፋዱ እስከ ስምንት ሰዓት ድረስ ሆስፒታሉ ውስጥ ሰው ክንድ ላይ ከተሰካው በቀር ሌላ ውሃ የለም። ወባ የያዘው ሊጠብቅ ይችላል። ተቅማጥ የያዘውም ባፉ እየጠጣ ትንሽ ይቆያል። ወልዳ የምትደማ ሴት ግን ደም እስኪገኝላት ድረስ የሚያቆያት ያ ውሃ ነው።

ይህን የነገረችኝ የማዋለጃ ክፍሏ ሲስተር ናት። በዕድሜ ከእኔ ጥቂት የምትበልጥ፣ ድምፅዋ ጎርነን ያለ፣ ፊት የማትሰጥ ሴት ነበረች። አንድ ቀን መስኮታችን ላይ መጥታ፣

«ባዶ የለኝም፤ ግን ስድስት የሞላ ስጠኝ፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቀመጥልኝ» አለችኝ።

«ሲስተር፣ ባዶ አምጪ፣ ሙሉ ውሰጂ» አልኳት። እንዲያውም ፈገግ ብዬ ነው ያልኳት።

አልተከራከረችም። ከዚያ ወዲህ ስድስት ጠርሙሶች ከማዋለጃ አይመለሱም ነበር። ይሄዳሉ፤ ሌሎች ይመለሳሉ፤ ቁጥሩ ግን ምንጊዜም በስድስት ይጎድላል። ለአያ ነገርኳቸው። «ተዋት፣ ትመልሳለች» አሉኝና እሳቱን መማገዳቸውን ቀጠሉ።

ያን ሰሞን ከአዲ አርቃይ በኩል ቁስለኛ ይመጣ ነበር። በሆስፒታሉ የውይይት ክበብ ስለ ኢኮኖሚ አሻጥር የማይነገርበት ሳምንት የለም። ጤፍ የደበቀ፣ ሳሙና የደበቀ፣ ጨው የደበቀ። አንድ ማለዳ የክበቡ ኃላፊ የሆነው ካድሬ ክፍላችን ድረስ መጣ። ዕቃ ይቆጥር ጀመር፤ መቁጠር ይወድ ነበር።

«ጓዶች፣ አርባ ጠርሙስ እያላችሁ ለምን በስድስት አጉድላችሁ ታመርታላችሁ?»

አያ ጆሮአቸው የከበደ መስለው ወደ እሳቱ ዞሩ። ዝም ብል ኖሮ ይሄድ ነበር። እኔ ግን እንደማውቅ ላሳየው ፈለግሁ።

«ስድስቱ ማዋለጃ ክፍል ናቸው፣ ጓድ። አልመለሱልንም።»

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ የአያን ጀርባ አየሁ። ደርቆ ቀረ።

ካድሬው ሁለት ዘበኞች ጠራና እኔን አስከትሎ ሄደ። ቁም ሣጥኑን አስከፈተ። ስድስቱ ጠርሙሶች በንጹሕ አንሶላ ተጠቅልለው ቆመዋል። በእያንዳንዱ አንገት ላይ በክር የታሰረች ቁራጭ ወረቀት አለች፤ ወረቀቷ ላይ የተሞላበት ቀን። ዕለቱ ረቡዕ ነው። ሁለቱ «ሰኞ» ይላሉ፣ አራቱ «ማክሰኞ»። ወዲያው ገባኝ። አሮጌውን አስቀድማ ትሰጣለች፣ በምትኩ አዲሱን ታኖራለች። ሦስት ቀን ያለፈው አንድም ጠርሙስ የለም። ሴትዮዋ የአያን የሦስት ቀን ደንብ ሳታፈርስ ቀዳዳውን ደፍናልን ነበር።

«ይህ ምንድን ነው?» አላት ሲስተሯን።

«ለሚደማ ሰው ነው። የእናንተ ድስት እስኪፈላ የሚጠብቅ ደም የለም።»

ወደ እኔ ዞረ። «ደንቡ ምን ይላል?»

ወረቀቶቹን እያየሁ፣ ሁሉም ገብቶኝ ሳለ፣ «ማስቀመጥ ክልክል ነው» አልኩ።

እውነት ነበር። ፈርቼም ነበር። የቱ እንደበለጠ ዛሬም ራሴን እጠይቃለሁ፤ ፍርሃቱ ይመስለኛል። ጋወኗን እንደለበሰች ወሰዷት። ስታልፈኝ አላየችኝም። ከስምንት ወር በኋላ ተፈታች፣ ወደ ሥራዋ ግን አልመለሷትም።

እኛ ደግሞ ስድስቱንም መልሰን መሙላት ጀመርን። በስብሰባ ላይ ተጨበጨበልኝ። አያ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ከሥራ ቃል በቀር አላናገሩኝም። «እንጨት ጨምር»፣ «ክዳኑን እሰር»፣ ይኸው ነው።

በሁለተኛው ሳምንት፣ ድስቱ ከተዘጋ አንድ ሰዓት ያህል ሲሆነው፣ አዲሷ የማዋለጃ ነርስ እየሮጠች መጣች። ከአርማጭሆ በኩል በቃሬዛ የመጣች ወላድ አለች፤ እየደማች ነው። ሌሎቹን ክፍሎች ሁሉ ዞራለች። ያለው ሁሉ ቁስለኞች ክንድ ላይ ነው፤ ማን ከማን ይነቅላል?

ድስቱ በግፊት ላይ እያለ አይከፈትም፤ ቢከፈት ይፈነዳል። አያ እሳቱን በእጃቸው ጭምር እየጎተቱ አወጡ። እንፋሎቱ እስኪወጣ ቆመን ጠበቅን። ክዳኑን ስናነሣ ድስት ሙሉ ጠርሙስ ተደርድሯል፣ አንዱም አይነካም። እኔ አንዱን በጨርቅ ይዤ ቀዝቃዛ ውሃ አፈሰስኩበት። እጄ ላይ ተሰነጠቀ። አያ ገፈተሩኝና ሁለተኛውን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አስገቡ፤ ቀስ እያሉ ቀዝቃዛውን ይጨምሩበት ጀመር።

የሴትዮዋ ባል ነርሷን ተከትሎ መጥቶ በራችን ላይ ቆሟል። ጭቃው እስከ ጉልበቱ ደርቆበታል። እኔ ላይ ሳይሆን አያ ላይ ዓይኑን ተክሎ፣

«ምነው አያ፣ ይኸ ውሃ አይደለም ወይ?» አለ።

«ውሃ ነው፣ ልጄ።»

«ሦስት ወንዝ ተሻግረን መጣን እኮ። በዚህ ክረምት፣ እዚህ አገር ውሃ ጠፋ?»

አያ ጠርሙሱን በውሃው ውስጥ ያገላብጡ ነበር፤ እንባቸው ሲወርድ አየሁ። እኔ ልነግረው እችል ነበር። ውሃ ነበረ፣ ስድስት ጠርሙስ ነበረ፣ ያለበትን የጠቆምኩ እኔ ነኝ ማለት እችል ነበር።

ጠርሙሱ እጅ ላይ የሚያዝ ሲሆን ለእኔ ሰጡኝ። ገና ይሞቃል። በደረቴ አቅፌው ሮጥኩ፤ ሰውየው ከኋላዬ። የማዋለጃው በር ላይ ነርሷ ቆማለች። እጆቿን ወደ ታች ጥላ አየችኝና ራሷን ነቀነቀች። እሱ አላያትም፤ የሚያየው ጠርሙሱን ነው። እዚያው ኮሪደሩ ላይ ምን ያህል እንደቆምን አላውቅም።  በመጨረሻ ባልየው ሻካራ እጁን ዘርግቶ ጠርሙሱን ዳሰሰ።

«በርዷል» አለኝ፣ ፊቱ ፈካ ብሎ። «ይኸው በርዷል፤ ስጧት እንጂ!»

ሞታለች ማለት አቃተኝ። ገባሁና ጠርሙሱን ከአልጋዋ በላይ ሰቀልኩት።