ሣራ ሸክላ ስታጫውት

ረቡዕ፣ ሞያሌ

ሲነጋጋ ከሞያሌ ተነሣን። በኬንያ በኩል ካለው ሞያሌ ማለቴ ነው፤ ወዲያኛውን ከለቀቅን ቆይተናል። የጭነት መኪናው ሆዱ በከብት ተሞልቷል፤ እኛ ሰዎቹ ከላይ፣ ብረቱ ላይ ተንጠልጥለናል። ከጎኔ አጎቴ ጋሽ ለማ ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ተቀምጠዋል። ከእግራችን ሥር አንድ ቀይ በሬ ቀና እያለ ያያቸዋል። እሳቸው አያዩትም፤ ተናደዋል።

ለምን እንደምንሄድ ልንገራችሁ። ጋሽ ለማ አገር ቤት ሳሉ በወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን ውስጥ ወፍራሙን ድምፅ የሚይዙት እሳቸው ነበሩ። ደርግ ቤተ ክርስቲያኑን ሲያሽገው በየቤቱ ተደብቀን እንዘምር ጀመር። አንድ እሑድ የቀበሌ ጥበቃዎች ደርሰው እሳቸውን ይዘው ሄዱ። ከእስር እንደወጡ ቤተሰቡን ይዘው ድንበር ተሻገሩ። ልጃቸው ሣራ ናይሮቢ ተማረች፣ እዚያው አንድ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሥራ አገኘች፤ ሁላችንም ደስ አለን። ባለፈው ሳምንት ግን ከናይሮቢው ኢስሊ ሰፈር የመጣ ነጋዴ፣ ክፋት ሳያስብ፣ "ሣራን አየኋት! ዲጄ ሆናለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሕዝቡን ታስጨፍረዋለች" ብሎ ነገራቸው።

"እኔ ስለ መዝሙር የታሰርኩ ሰው ነኝ" አሉ ጋሽ ለማ። "ልጄ ዘፈን አጫዋች ትሁን? ሄጄ አመጣታለሁ።"

ባለቤታቸው እትዬ አስቴር እኔን ወደ ጓሮ ጠሩኝ። "ዳንዬ፣ አብረኸው ሂድ። ቁጣውን አብርድልኝ።"

ይኸው እያበረድኩ ነው። መንገዱ ድንጋይ፣ አቧራ፣ ደግሞ ድንጋይ። ከፊታችን የፖሊስ አጃቢ፣ ከኋላችን ሌሎች የከብት መኪናዎች። ማርሳቢት ስንደርስ ጉም ተቀበለን፤ ለብ ያለ የወተት ሻይ ጠጣን። ሹፌራችን ጉዮ የቦረና ልጅ ነው፤ አማርኛ ይችላል።

"አባባ፣ ናይሮቢ ምን ሊያደርጉ ነው?"

"ልጄን ከጥፋት ላወጣ።"

"ምን ሆና?"

"ዲጄ ሆና።"

ጉዮ ሳቁን በሻዩ ዋጠው። "እኔማ ታስራ መስሎኝ ደንግጬ ነበር!"

ዓርብ፣ ከኢሲዮሎ ወደ ናይሮቢ

ኢሲዮሎ ላይ ከከብቶቹ ተለይተን አውቶቡስ ያዝን። ዓለም በአንዴ አረንጓዴ ሆነ፤ የስንዴ ማሳ፣ የቡና ተክል፣ በየመንገዱ ዳር ካሮትና ቲማቲም የደረደሩ ሴቶች። ማንዳዚ የሚሉትን በዘይት የተጠበሰ ትኩስ ሊጥ በወረቀት ጠቅልለው በመስኮት ይሰጡናል። ጋሽ ለማ ሁለት በልተው ጣታቸውን ሲልሱ አየሁና ተስፋ አደረግሁ።

ናይሮቢ ከሰዓት በኋላ ገባን። ማታቱ በሚሉት የተጨናነቀ ሚኒባስ ወደ ኪሊማኒ ሰፈር ሄድን፤ ሣራ ከአንድ ትልቅ ቪላ ጀርባ ባለች ክፍል ትኖራለች። አባቷን ስታይ ጮኸች፤ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። እሳቸውም አቀፏት፤ አልጠበቅሁም ነበር። ኡጋሊ የሚሉትን የበቆሎ ገንፎ በጎመንና በሥጋ አቀረበች። እስኪበላ ድረስ ሰላም ነበር።

"ሰኞ አብረሽን ትመለሻለሽ" አሉ እጃቸውን ታጥበው።

ሣራ አየችኝ። እኔ ጣራውን አየሁ።

"አባዬ፣ ምን እንደምሠራ ታውቃለህ?"

"ሰምቻለሁ።"

"ሰምተሃል እንጂ አላየህም።" ቁጭ ብላ አስረዳች። ቤተ መጻሕፍቱ ላይኛው ፎቅ ላይ የጥቁር ሕዝቦች ሙዚቃ የተሰበሰበበት ክፍል አለ፤ የኮንጎ፣ የካሪቢያን፣ የአሜሪካ፣ የኬንያው ትልቅ ሐይቅ ዳር ሸክላዎች። እሷ የተቀጠረችው አቧራ እንድታራግፍ ነበር። ማንም ወደዚያ አይወጣም። የክፍሉ ኃላፊ ማማ ዋንጂኩ ያኔ፣ "ሰዎቹ ካልመጡ እኛ ወደ ግቢው እናውርደዋ" አሉ። ሣራ ወደ አባቷ ዞረች። "ነገ ከሰዓት መጥተህ ስማ። ከዚያ ተመለሺ ካልከኝ እመለሳለሁ።"

ይህችን ሥራ እንደምትወዳት ያኔ ገባኝ።

ቅዳሜ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ግቢ

ዛፉ ሥር ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ ሁለት የሸክላ ማጫወቻ፣ መስኮቶቹ ላይ ድምፅ ማጉያ። ተማሪዎች፣ የቢሮ ሠራተኞች፣ ዘበኛው፣ ልጅ ያዘሉ እናቶች። ሣራ ማዳመጫውን በአንድ ጆሮዋ ይዛ፣ ሸክላውን ከየት አገር እንደመጣ በእንግሊዝኛና በስዋሂሊ እያስተዋወቀች ታጫውታለች። የኮንጎው ጊታር ሳያልቅ ከሥሩ የካሪቢያኑ ከበሮ ይገባል፤ ሰው "እህ!" ብሎ ይስቃል፤ ወገብ ይንቀሳቀሳል። እኔ ራሴን ረሳሁ።

ጋሽ ለማ ግን ግቢው አልገቡም። ከበሩ ውጭ ግንቡ ላይ ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀመጡ።

ከዚያ ሣራ አንድ የቆየ ሸክላ አወጣች። የጥቁር አሜሪካውያን የቤተ ክርስቲያን መዘምራን ነበሩ፤ አንዲት ሴት ትጀምራለች፣ ሕዝብ ይቀበላታል። ግቢው ጸጥ አለ። ሣራ ከሥሩ ቀስ አድርጋ የሐይቁን ዳር ከበሮ ለቀቀች፤ መዝሙሩ እየራቀ ከበሮው ቀረ፤ ሕዝቡ አጨበጨበ።

ጋሽ ለማ ተነሡ። በሩን አልፈው፣ በሚጨፍሩት መሀል ቀጥ ብለው ወደ ጠረጴዛው ሄዱ። ከኋላቸው ሮጥኩ። ሣራ ማዳመጫዋን አወለቀች።

"አባዬ..."

"ለምን ቆረጥሽው?"

"ምኑን?"

"መዝሙሩን! ገና ሳያልቅ! እኛም እኮ የምንዘምረው ነው፤ በእኛ ቃል። እንዲህ ያለ ነገር ይቆረጣል?"

ሣራ አፏን ከፍታ አየቻቸው። ከዚያ መርፌውን አንሥታ መዝሙሩን ከመጀመሪያው አስገባችው።

ጋሽ ለማ ዓይናቸውን ጨፈኑ። መጀመሪያ አጉረመረሙ፤ ቀጥሎ ያ የታሰረ ወፍራም ድምፅ በአማርኛ ወጣ። ከእስር ወዲህ ሲዘምሩ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ድንበር ከተሻገርን በኋላ እንኳ በር ዘግተን ስንዘምር እሳቸው አብረውን አይዘምሩም ነበር። እዚህ ማንም አልከለከላቸውም። ዘበኛው ባርኔጣውን አወለቀ። ሣራ እያለቀሰች ትስቃለች።

ሲያልቅ ማማ ዋንጂኩ እጃቸውን ያዙ። "አባባ፣ እንዲህ ያለ ከኢትዮጵያ አንድም የለንም። ሰኞ እንቅዳዎት?"

ሣራ ተረጎመች።

"ዘፈን አይደለም፣ መዝሙር ነው ብለሽ ንገሪያት" አሉ ጋሽ ለማ። "ስንት መዝሙር ትፈልጋለች?"

ቀጥሎ የጭፈራው ሸክላ ሲገባ፣ "ይሄኛው ደግሞ ዘፈን ነው" ብለው ወደ መጻሕፍቱ ክፍል ገቡ። እዚያ ሆነው ቀጣዩን መዝሙር ጠበቁ።

ሞያሌ

ሰኞ ብቻዬን በጉዮ መኪና ተሳፈርኩ። በከብት ፈንታ ስኳርና ሳሙና ጭነን መጣን። ሞያሌ ስደርስ እትዬ አስቴር ከመኪናው አጠገብ ቆመው ነበር።

"ሣራስ?"

"ናይሮቢ።"

"እሱስ?"

"ናይሮቢ። መዝሙራቸውን እየቀዱላቸው ነው። ገና አልጨረሱም።"

እትዬ አስቴር ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው እስኪያስላቸው ሳቁ።

"ይሄ ሰውዬ! ለኔ ከእስር ወዲህ አንዲት መዝሙር አላሰማኝም፤ ለናይሮቢ ሰው ይዘምራል!" ወደ ጉዮ ዞሩ። "አንተ፣ መቼ ነው የምትመለሰው? ቦታ ያዝልኝ።"